ካሴቱ የት ነው የሚያድረው?

ጋሽ እንግዳ ሰው አያምንም ነበር። ለማጋነን ብዬ አይደለም፤ አምስት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ሻይ ቤት ሲገባ ስኳሩን ራሱ ካልጨመረ አይጠጣም። ባጃጅ ሲሳፈር ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያቅፈዋል፤ ሹፌሩ ጨዋታ ከጀመረለት «ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ በጆሮዬ ያንሾካሹክልኛል። ሰርግ የሚቀርጽበትን ቀን የሚጠይቀው ሰው ካለ አንድ ቀን ጨምሮ ወይ ቀንሶ ነው የሚናገረው። አንዴ ለራሱ ለሙሽራው ሳይቀር ቅዳሜውን እሁድ ብሎት ልጁ ሊያብድ ደርሶ ነበር።

ስቱዲዮው ዲላ ውስጥ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከመናኸሪያው ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። አንድ ክፍል፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ። ከፊት ጉርድ ፎቶ ይነሣበታል፣ ከኋላ የእኔ ኮምፒውተር አለ። እኔ ሐያት እባላለሁ። አባቴ ገበያው አጠገብ ጫማ ይሸጣል፤ እኔ ግን ከጫማው ይልቅ ኮምፒውተር ስለወደድኩ በ1996 ዓ.ም. ጋሽ እንግዳ ዘንድ ኤዲተር ሆኜ ገባሁ። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያየኝ ነው የከረመው።

ይህ አመል ከየት እንደመጣበት የዲላ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ደበበ ከሚባል ጓደኛው ጋር በአንድ ትልቅ የትከሻ ካሜራ ሰርግ ይቀርጹ ነበር። ካሜራው ከባድ ስለነበር ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው ይሸከመዋል። አንድ ቀን ይርጋጨፌ የአንድ ቡና ነጋዴ ሰርግ ቀርጸው ሲመለሱ ደበበ ካሴቱን ይዞ ጠፋ። በሳምንቱ ራሱ አባዝቶ ለሙሽሮቹ አስረከበ፤ በወሩ ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊታችን፣ የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ደበበ በኛ በር በኩል ካለፈ ጋሽ እንግዳ ኮምፒውተሩን በጨርቅ እንድሸፍን ያደርገኝ ነበር። የተዘጋ ኮምፒውተር ሳይቀር ሸፍኛለሁ።

በሥራው ግን እሱን የሚያክል አላየሁም፤ ይህን አልክድም። ዛሬ ካሜራ ገዝታችሁ ሰርግ ልትቀርጹ የምታስቡ ካላችሁ የምነግራችሁ ሁሉ ከእሱ የተማርኩትን ነው። ካሜራው ነጭን እንዲያውቅ ቀራጮች ሁሉ የአንዲት እናት ነጠላ ላይ ያነጣጥራሉ። እሱ አያደርገውም። «ነጠላ ሲታጠብ ሰማያዊ ይጨመርበታል። ካሜራው ያንን ነጭ ነው ብሎ ካመነ የሙሽራዋ ፊት ብርቱካን ሆኖ ይመጣል። ነጠላም ይዋሻል» ይላል። ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ነጭ ወረቀት አይጠፋም። ባትሪው ሙሉ ነኝ ቢለውም ሁለተኛ ይይዛል፣ ለሁለተኛው ሦስተኛ። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሳያደርግ ድምፅ ተቀድቷል ብሎ አያውቅም። ድንኳን ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው ሙሽሮቹን ሳይሆን የጄኔሬተሩን ገመድ ነው፤ ማን እንደሚረግጠው ለማወቅ።

ስቱዲዮው መደርደሪያ ላይ የካሴት ሳጥኖች በተርታ ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የሙሽሮች ስም ተጽፏል። ሁሉም ባዶ ናቸው። ሌባ ቢገባ ባዶ ሳጥን ይዞ እንዲሄድ ነው። እውነተኞቹን፣ እነዚያን ክብሪት የሚያካክሉ ትናንሽ ካሴቶች፣ ቤቱ ወስዶ የሆነ ቦታ ይደብቃቸዋል። ኤዲት የሚደረገውን ጠዋት በካልሲ ጠቅልሎ ያመጣልኛል፤ ማታ መልሶ በካልሲው ይወስደዋል። የት እንደሚያስቀምጣቸው አልጠየቅኩም። «ልጄ» እያለ ይጠራኝ ስለነበር ድብብቆሹ እኔን አይመለከትም ብዬ ነበር፤ ሞኝ ነበርኩ።

ችግሩ የጀመረው በ2001 ኅዳር ላይ ነው። ካሴቱን ከፍቼ ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ ምስሉ መሀል ላይ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይበተናሉ። የሚዜው ግማሽ ፊት ሄዶ ኬኩ ላይ ይለጠፋል፤ ድምፁ ቅጭ ቅጭ ይልና ይጠፋል። ግራ የሚያጋባው ደግሞ ሰርጉ ዕለት በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ሲታይ ምንም አልነበረበትም። ካሴቱ ደህና ሆኖ ከድንኳኑ ይወጣል፣ ታሞ እኔ ጋ ይደርሳል።

ጋሽ እንግዳ መጀመሪያ ካሴት ሻጩን ጠረጠረ፤ ከአዲስ አበባ ሌላ አስመጣ፣ ያው ሆነ። ቀጥሎ መብራት ኃይልን ጠረጠረ። ከዚያ ደበበ ማዶ ሆኖ በሆነ መሣሪያ የሚያበላሽብን መሰለው፤ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት በቆርቆሮ ዘጋው። እኔ በሙቀት ልሞት ሆነ። ቆርቆሮውም ምንም ስላልፈየደ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ «ልጄ» ማለቱን ግን ተወ።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በአንድ ደብተር ላይ እያንዳንዱ ካሴት መቼ እንደተቀረጸና መቼ እጄ እንደገባ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ነገር ታየኝ። በተቀረጸ በሁለተኛው ቀን የመጣልኝ ካሴት ንጹሕ ነው። ሳምንት የቆየው ትንሽ ይበተናል። ወር የቆየው አይታይም። ክረምት ላይ የተቀረጹት ደግሞ ሁለት ወር ቢቆዩም ደህና ነበሩ። ታዲያ ከኅዳር ወዲህ ካሴቶቹ በሚከርሙበት ቦታ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ብነግረው ቦታውን ለማወቅ ዘዴ ፈጠረች እንደሚለኝ አውቃለሁና ደብተሩን ደበቅኩት። አያችሁ፣ እኔም መደበቅ ጀምሬ ነበር።

ጥር ላይ የመምህር ተክለጻድቅን ልጅ የውዳሴን ሰርግ ቀረጽን። መምህር ተክለጻድቅ ግማሽ ዲላን ሒሳብ ያስተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጤና አልነበራቸውም፤ ተደግፈው ተነሥተው ልጃቸውን ሲመርቁ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ማታ ላይ ጋሽ እንግዳ ካሴቱን መልሶ በትንሿ ስክሪን አሳያቸው፤ ራሳቸውን አይተው ሳቁ። በወሩ፣ የካቲት መግቢያ ላይ፣ ዐረፉ።

ባለቤታቸው እትዬ ይመኙሻል ጥቁር ለብሰው ከውዳሴ ጋር ስቱዲዮ መጡ። የሰርጉ ፊልም ገና ተራው አልደረሰም ነበር።

«ሌላው ይቅርብኝ» አሉ። «ምርቃቱን ብቻ አውጡልኝ። በአርባው ቤተ ዘመዱ በተሰበሰበበት ድምፃቸው እንዲሰማ ነው።»

ጋሽ እንግዳ በነጋታው ካሴቱን ከካልሲው አውጥቶ ሰጠኝ፤ እነሱም ሊያዩ መጥተው ከኋላዬ ተቀመጡ። መምህር በስክሪኑ ላይ ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ልጄ ውዳሴ» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተበታተነ። ድምፁ ተቆረጠ፣ መጣ፣ ተቆረጠ። አራት ደቂቃ ሙሉ አንድ የተያያዘ ዓረፍተ ነገር አልሰማንም።

«የሰርጉ ማታ እኮ አይተነዋል!» ብላ ውዳሴ ጮኸች። «ደህና ነበር! አባዬ ራሱ አይቶታል!»

ጋሽ እንግዳ ወደ እኔ ዞረ። «ሐያት፣ ማክሰኞ ዕለት ደበበ ዘንድ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»

እውነት ነው፣ ሄጄ ነበር። ካሴት የሚያነበውን የካሜራውን ክፍል የሚጠርግ ማጽጃ ካሴት አለ፤ የኛ አልቆ ስለነበር ልዋስ ነው የሄድኩት። የደበበ ስም በኛ ቤት ስለማይጠራ ለጋሽ እንግዳ አልነገርኩትም።

«ማጽጃ ልዋስ ነው» አልኩ።

«ማጽጃ!» አለና ሳቀ። ጥርሱ ብቻ ነበር የሚስቀው። «እትዬ፣ እኔ ካሴቱን በደህና ነው ያመጣሁት። ከእኔ እጅ ወጥቶ ከዚህ ወንበር በቀር የሚያልፍበት የለም። ከዚህ በላይ አልናገርም።»

ምን ቀረው የሚናገረው? እትዬ ይመኙሻል ትክ ብለው አዩኝ። አልጮኹም፣ አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ምን አደረግንሽ?» አሉኝ። ዲላ ትልቅ ከተማ አይደለችም። እስከ ማታ ወሬው አባቴ ሱቅ ደረሰ፤ ሐያት ለደበበ ተገዝታ የሟች ድምፅ ሸጠች ተባለ። አባቴ ጫማ ሲያስተካክል ቆየ። ከዚያ «እውነት ከሆነ ንገሪኝ» አለኝ። አባቴ ነው እንዲህ ያለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በነጋታው በጠዋት ስቱዲዮው በር ላይ ጠበቅኩት። ንዴቴ ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ተደምሮ እሳት ጎርሻለሁ።

«ካሴቱን ስጠኝ። እዚህ ቁጭ ብለህ እጄን እያየህ እከፍተዋለሁ።»

ሰጠኝ። የካሴቱን ትንሽ ክዳን በጣቴ ገልጬ በባትሪ አበራሁበት። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ እንደ አመድ ተነስንሷል። በመሀሉ ቡናማ ብናኝ ገብቷል። ከጥቅልሉ ሥር በወረንጦ ከጥፍር ያነሰች ደረቅ ልጣጭ አወጣሁና ወረቀት ላይ አስቀመጥኳት። ጌዴኦ ውስጥ ያደገ ሰው ያችን ልጣጭ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃታል።

«ጋሼ፣ ካሴቱ የት ነው የሚያድረው?»

«ምን አገባሽ?»

ደብተሬን አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁት። ኅዳርን አሳየሁት፣ ሳምንት የቆየውን፣ ወር የቆየውን። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አነበበ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ጀንፈል ውስጥ» አለ።

የባለቤቱ ቤተሰቦች ወርቃ በምትባል ገጠር ቡና ያመርታሉ። ቡና ሲለቀም ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና፣ ጀንፈሉን፣ በጆንያ ይልኩላቸዋል። ዘንድሮ የመጣው በደንብ አልደረቀም ነበር። ጋሽ እንግዳ ካሴቶቹን ከሳጥናቸው አውጥቶ፣ ካልሲ ውስጥ ከቶ፣ እዚያ ጆንያ መሀል ቀብሯቸዋል። እርጥበቱ ሻጋታ ሆነባቸው፣ ገለፈቱ በካልሲው ቀዳዳ ገባ። ኅዳርም፣ ታኅሣሥም፣ ጥርም እንደዚያው።

«ቡና ውስጥ ካሴት ማን ይፈልጋል ብዬ ነው» አለ።

«ዲላ ውስጥ ሌባ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚሸከመው ምኑን ነው? የቡናውን ጆንያ አይደል?»

ይህን ጨርሶ አስቦት አያውቅም ነበር።

«ከማን ነው የምትደብቀው? ከደበበ?»

«ከሁሉም» አለ።

«ከእኔም?»

መነጽሩን አውልቆ ማጠፍ ጀመረ። አምስት ዓመት ሙሉ በረመዳኔ ፊቴ ሳይበላ የኖረ ሰው ነው። ያን ያህል ተጠንቅቆልኝ፣ ያን ያህል ፈርቶኝ ኖሯል።

«ስሜን ያጠፋኸው እትዬ ይመኙሻል ፊት ነው» አልኩት። «ካሴቱን ካዳንኩት እዚያው ፊታቸው ትመልስልኛለህ።»

«እሺ» አለ፣ ልጣጯን እያየ።

እንዲህ ያለ ካሴት ቢገጥማችሁ ቶሎ ብላችሁ ካሜራ ውስጥ አትክተቱት። እርጥብ ፊልም ይጣበቃል፣ ሻጋታው ደግሞ ካሜራውን መርዞ ጤነኞቹን ካሴቶች ያሳምማል። እኔ በአባቴ ሱቅ የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን፣ እርጥበት የሚመጥጡትን ትናንሽ ከረጢቶች ለቀምኩ። ካሴቱን ከእነሱ ጋር ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ሦስት ቀን ዘጋሁበት። ከዚያ መቅረጽ በተወ አሮጌ ካሜራ እስከ መጨረሻው አጠንጥኜ መለስኩት፤ የረገፈው ቆሻሻ በእሱ ላይ ይቅር ብዬ። ሥራ የሚሠራውን ካሜራ በማጽጃ ጠርጌ አራቱን ደቂቃ ማስገባት ጀመርኩ። አንዴ አይደለም፣ አሥራ አራት ጊዜ። በየጊዜው የሚበተነው ቦታ ይለያያል። በሦስተኛው ዙር የተበላሸችው ቃል በሰባተኛው ደህና ሆና ትመጣለች። ከእያንዳንዱ ዙር ጤነኛውን እየቆረጥኩ ቀጠልኩት። ጋሽ እንግዳ ከጎኔ ተቀምጦ በማዳመጫው ይሰማል፤ «እዚህ ጋ ትንፋሹ ዘለለ» ይለኛል፤ እመለሳለሁ። ሁለት ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ የጎደለችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

አርባው መጋቢት ላይ ሆነ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ ዝናብ ያካፋል። ቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ላይ አድርገን አበራነው። መምህር ተክለጻድቅ ተነሡ።

«ልጄ ውዳሴ፣ ውለዱ፣ ክበዱ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ሥራ በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖርኩ። እናንተ ጥፋታችሁን በእርሳስ ጻፉት። ሲመሽ አጥፉት።»

ውዳሴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እኔም። አሥራ አራት ጊዜ ሰምቼው ሳላለቅስ እዚያ አለቀስኩ።

እንባው ሲበርድ እትዬ ይመኙሻል ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ እኔ መጡ። ግንባሬን ሳሙኝ። ሁሉ ነገር አለቀ፣ ስሜ ተመለሰ ብዬ ልቤ ቀለል አለ።

«ደግ አደረግሽ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ጨንቆሽ መለስሽልን። ልጅ ነሽ፣ ሰይጣን አሳስቶሽ ነው። እኛ ይቅር ብለንሻል።»

ምን እንደሰማሁ ለመረዳት ትንሽ ቆየሁ። ካሴቱ ድኖ መምጣቱ ራሱ ደህናው እኔ ጋ ተደብቆ እንደነበረ ማስረጃ ሆኖብኛል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ገበየሁ ደግሞ ከተቀመጡበት «በይ እንግዲህ፣ ጉልበታቸውን ስመሽ ይቅርታ በያቸው፤ ነገሩ እዚህ ይለቅ» አሉኝ። ሰው ሁሉ በደግነት እየተመለከተኝ ነው። ያልሠራሁት ይቅር ተብሎልኛል። ወላሂ፣ በዚያች ደቂቃ ድንኳኑን ባፈርሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሽ እንግዳን አየሁት። እሺ ብሎኛል። ላብ አጥምቆታል። ማዶ፣ ከወንዶቹ ረድፍ፣ ደበበም ለቅሶ ደርሶ ተቀምጧል።

ተነሣ።

«እሷ አይደለችም» አለ። «ካሴቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቤቴ፣ ጀንፈል ጆንያ ውስጥ ቀብሬው ነው የሻገተው። ሌሎቹንም እዚያ ነው የምደብቃቸው። ከእሷ ነበር የምደብቀው። እሷ ናት ያዳነችው።» ይህን ብሎ እትዬ ይመኙሻል እግር ሥር ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ።

ያ ሰው፣ ሰርጉን ቅዳሜ ሲሆን እሁድ የሚል ሰው፣ ደበበ እየሰማ መደበቂያውን ተናገረ። ንዴቴ ሁሉ ወጣልኝ። አሁንስ፣ ብዬ ሰዉን አየሁ።

እትዬ ይመኙሻል አቅፈው አነሡት። «አይ እንግዳ!» አሉ፣ እንባቸው እየመጣ። «ለልጅቷ ስትል ይህን ሁሉ በራስህ ላይ? ማን ሰው ነው ካሴት ቡና ውስጥ የሚቀብር!»

«እውነቴን ነው እትዬ! በእመቤቴ!»

«እናውቃለን፣ እናውቃለን» አሉ አቶ ገበየሁ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ። «እንዲህ ያለ አሠሪ ከየት ይገኛል?» አንድ ሁለት ሰው «እውነት ነው» አለ። ደበበ ሳይቀር ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። ለእኔ ደግሞ አንዲት ሴት ወንበር ሳበችልኝና እንድቀመጥ ነገረችኝ፤ ገና ከሕመም እንደተነሣ ሰው።

ስንወጣ ዝናቡ በርትቷል። ባጃጅ አልነበረም፤ በአስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ሄድን። ጋሽ እንግዳ ኮቱን አልቆለፈም፣ ካሜራውንም እንደ ወትሮው አላቀፈም። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ቆመ።

«አላመኑኝም እኮ» አለኝ። ፊቱ ላይ ዝናብ ይወርዳል። «ሐያት፣ እውነቱን ነገርኳቸው፤ አንዳቸውም አላመኑኝም። አንቺ ታምኚኛለሽ አይደል? ለሰው ብዬ አይደለም የተናገርኩት። ታምኚኛለሽ?»

አምነዋለሁ። ማንም ባያምነው እኔ አውቃለሁ፤ ልጣጯን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግን አባቴ በዚያ ማታ «እውነት ከሆነ ንገሪኝ» ያለኝ ትዝ አለኝና «አዎ» ማለት አቃተኝ። መንገዱን ቀጠልኩ። እሱም ከኋላዬ መልስ እየጠበቀ ተከተለኝ።